ደሴ ላይ ቤት ስትፈልግ መጀመሪያ ዳገቱን እይ

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ የተዛወረ አንድ የሙያ ባልደረባዬ «ሰፈር ምረጪልኝ፣ የት ይሻላል?» ብሎ ጻፈልኝ። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀምሬ አልቋጭልህ አለኝ። ይህንኑ የሚጠይቁኝ ሌሎችም ስላሉ እዚህ ላስፍረው። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ፣ ሙያዬ ነርስነት። (ደሴ ላይ «ባቲ» ስትል ግማሹ ሰው ቅኝቱን ያንጎራጉርልሃል፤ ለምጄዋለሁ።) ብዙውን ጊዜ የሌሊት ተረኛ ስለሆንኩ ሰፈርን የማየው በዚያ ዓይን ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ከምለው ግማሹን ቢተወው አይከፋኝም።

ሰው ስለ ደሴ ሲያወራ የሰፈር ስም ይጠራልሃል፦ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሆጤ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሳላይሽ፣ ሮቢት፣ ቧንቧ ውሃ። ስሙን ይዘህ ብትሄድ ግን ገና ምንም አላወቅህም። ከተማዋ ተራራ መሀል የተቀመጠች ናትና በአንዱ ሰፈር ውስጥ አስፋልት ዳር ያለው ቤትና ከላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያየው ቤት ኑሯቸው ለየቅል ነው። ኪራዩ፣ ውሃው፣ ባጃጁ፣ ጭቃው፣ ሁሉም ከፍታውን እየተከተለ ይለዋወጣል። እኔ ቤት ሲጠቁሙኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከአስፋልቱ ምን ያህል ሽቅብ ነው?» የሚል ሆኗል።

ከሁሉ በፊት ግን የኮምቦልቻ ነገር አለ። ደሴ ሥራ ያገኘ የወሎ ሰው ኮምቦልቻ ላይ አንድ ዘመድ አያጣም። የኔ አክስት በርበሬ ወንዝ ነው የምትኖረው። ዝውውሬን እንደሰማች ደወለች። «ኧረ አንቺ ልጅ፣ ቤት ሞልቶልሽ ብርድ ልትከራዪ ነው እንዴ? እዚሁ እያደርሽ ትመላለሻለሽ!»

እውነቷን ነው፤ ብርድ መከራየት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ። በመሀላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ትወጣለህ። በየመቶ ሜትሩ ሙቀቱ ግማሽ ዲግሪና ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚቀንስ፣ በቀላል ሸሚዝ ከኮምቦልቻ የተነሳ ሰው በመሀል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሲያልፍ ጃኬት ይፈልጋል። ለባቲ ሰውነት ይህ ቀልድ አይደለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደሴ ጠዋት ውሃ ስትነካ ጣትህ ያንተ አይመስልህም።

ያም ሆኖ አክስቴን እምቢ አልኳት። ምክንያቴ ሐረጎ ነው። ቀን ሚኒባሱ ቶሎ ቶሎ ይሞላል፤ ሲመሽ ግን መናኸሪያ ላይ ሦስት ሰው ጎድሎ መቆም አለ። ክረምት ሲሆን ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል፤ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ከፊት እየተንፏቀቀ ሲወጣ ጠመዝማዛው ላይ ቀድሞ ማለፍ አይቻልም። የቢሮ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ቢያረፍድ ይወቀሳል፣ ያልፋል። እኔ ስዘገይ ግን የቀን ተረኛዋ ጓደኛዬ ቤቷ መግባት አትችልም፤ ሕፃን ልጅ አላት። የሰዓት ገደብ የተጣለ ቀንማ መንገዱ ከነጭራሹ የለም። ሌላም አለ። እንደ ጤና ባለሙያ ስናገር፣ በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ ኮምቦልቻ የሚያድር ሰው አጎበር ሊኖረው ግድ ነው። አክስቴ ይህንን ስነግራት «እኔ ስንት ዘመን ኖሬ ምን ሆንኩ?» አለች። በየዓመቱ የምትታመመውን ረስታ ነው።

ሥራህ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ወይም ደረቅ ወደቡ አካባቢ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደሴ እያደሩ መውረድ ትርፉ ድካም ነው። ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ የአክስቴ ጎረቤቶች ጓሯቸው ውስጥ ሰርቪስ ክፍል እየደረደሩ ያከራያሉ፤ ለሁለት ለሦስት ተጋርተው የሚኖሩ ልጆች ይበዙባቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ላስጠንቅቅህ፦ የኮምቦልቻ ደላላ «ባቡሩ ሲጀምር ይቺ ቦታ ወርቅ ናት» ካለህ፣ ለጀመረ ባቡር ብቻ ክፈል።

ወደ ደሴ ልመለስ። ደላላዬ ጥሩ ሰው ነበር፤ ክፋት የለበትም። «እህትዓለም፣ ከአስፋልቱ አምስት ደቂቃ ናት» ይለኛል። የደሴ ደላላ ደቂቃ የሚቆጥረው ቁልቁል ሲወርድ ነው። ሽቅቡን አብሬው ስወጣ ሁለታችንም አረፍ እያልን ነው የደረስነው፤ እሱ ስልክ የሚደውል መስሎ ይቆማል፣ እኔ ደግሞ ከተማውን የማደንቅ እመስላለሁ። ቤቷ ውብ ናት፤ ሁለት ክፍል፣ ወለሏ ሴራሚክ፣ በረንዳዋ ላይ ስትቆም ደሴ እግርህ ሥር ናት። ኪራይዋ ታች ካየሁት አንድ ክፍል በ1,000 ብር ያንሳል። ለምን እንዳነሰ ለማወቅ ምሁር መሆን አያስፈልግም። ባጃጅ እስከዚያ የሚወጣው በኮንትራት ነው፤ ማታ ደግሞ 150 ብር ጠርቶ ጭቃውን ሲያይ ግማሽ መንገድ ላይ «እዚህ ይበቃል» ይልሃል። ሂሳቡን በእጅህ ሥራው፤ በወር ውስጥ ስንት ማታ እንደምትገባ አንተ ታውቃለህ። እኔ ስሠራው ርካሹ ቤት ከውዱ በለጠብኝ።

ውሃው የባሰ ነው። ደሴ ላይ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፈረቃው ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚያገኘው ታች ያለው ቤት ነው። ግፊቱ ዳገት ላይ የሚደርሰው ታች ያለው ሰው ቧንቧውን ዘግቶ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ላይ ያሉት ሰፈሮች ውሃ የሚቀዱት ሌሊት ነው፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው እየነቃ ጄሪካን ይሞላል። ብቻዋን የምትኖር የሌሊት ተረኛ ግን ውሃው ሲመጣ ቤቷ የለችም! እኔ ለሰው ደም ግፊት ስለካ የኔ ቧንቧ ባዶ ግቢ ውስጥ ሲንጠባጠብ ያድራል ማለት ነው። ስለዚህ ከዳገቱ ቀጥዬ የማየው ሮቶ ነው፤ ሮቶ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፣ ውሃ ሲመጣ ራሱ ሞልቶ የሚዘጋ መሆን አለበት። አከራዮችን «ውሃ አለ?» ብትላቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «አብሽሪ፣ ውሃ ሞልቶ!» እነሱን ተዋቸውና ጓሮ ዞረህ የተደረደረውን ቢጫ ጄሪካን ተመልከት። ከሃያ በላይ ከሆነ ውሃው የት እንዳለ ገባህ። ወይም የግቢውን ሕፃን ጠይቅ፤ ሕፃን የፈረቃውን ቀን ጠንቅቆ ያውቀዋል፣ ጄሪካን ተሸካሚው እሱ ነዋ።

ዳገት ሲባል ሌላም ነገር አለበት፣ ይህንን ደላላ አያነሳልህም። ደሴ መሬቷ ይንሸራተታል። በጦሳ ተራራ ግርጌና በአዝዋ ገደል በኩል፣ በቦርከና ወንዝ ገደላ ገደል ዳርቻም፣ ዝናብ በጠና ቁጥር ቤት የሚሰነጠቅባቸው ቦታዎች አሉ። ሸክላማው አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ቁልቁል መሄድ ይጀምራል። ወሎ ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ብቻ አይደለም ያላት፣ በልጉም አለ። ቤት ስታይ ግድግዳው አዲስ ቀለም ከሆነ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ማዕዘን እይ። ስንጥቁ ሰያፍ ሆኖ ከመስኮት ጥግ ከተነሳ፣ በሩ እየታገለ ከተዘጋ፣ ከቤቱ በላይ ያለው የድንጋይ ካብ ሆዱን ከነፋ፣ ባሕር ዛፎቹና የመብራት ምሰሶው ወደ አንድ ጎን ካዘነበሉ፣ «አመሰግናለሁ» ብለህ ውጣ። አንዲት አከራይ ስንጥቁን ሳሳያት «የድሮ ነው፣ አይጨምርም» አለችኝ። ላይ ላዩ ግን ሲሚንቶ ተለስኖበት ሲሚንቶውም ተሰንጥቋል።

ስለ ሰፈሮቹ አጠር አድርጌ ልንገርህ፤ ይህ የኔ ስሜት ነው፣ የሰፈሩ ተወላጆች አትቆጡኝ። ፒያሳ ሁሉ ነገር እጅህ ላይ ነው፣ ታክሲው፣ ባንኩ፣ ፋርማሲው፤ ኪራዩም ያንኑ ያውቃል። አራዳ ያረጁ ቤቶችና ያረጁ ጎረቤቶች አሉት፤ ክፍሎቹ ጠበብ ይላሉ፣ ሽንት ቤቱ ብዙ ጊዜ የጋራ ነው፣ ሰዉ ግን ሰው ነው። ሆጤ ተከራይ ይበዛበታል፣ ክፍል ቶሎ ይገኛል። ሰኞ ገበያ ዙሪያ ለቤት ወጪ የሚመች የለም፣ ሽንኩርቱም ጤፉም ደጅህ ላይ ነው፤ ሰኞ ቀን መተኛት ግን እርሳው። ከአይጠየፍ አዳራሽ ብዙም ሳይርቅ ያየኋት አንዲት ክፍል እስካሁን ታምረኛለች፤ በነጋታው ስመለስ ተይዛ አገኘኋት።

እንቅልፍ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሌሊት የሚሠራ ሰው ቀን ነው የሚተኛ፣ ስለዚህ ቤት ማየት ያለበት ረፋድ ላይ ነው። ደላላዎች አመሻሽ ላይ ያሳዩሃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ሰፈር ጸጥ ያለ ነው። አንዱን ቤት ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ተመልሼ ሳየው ከአጥሩ ጀርባ ወፍጮ ቤት ኖሯል። አዛኑም ቅዳሴውም የደሴ ናቸው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ተኝቻለሁ፤ ወፍጮን ግን ማንም አይለምደውም። ፀሐዩንም ያኔውኑ እይ። ከምሥራቅ በኩል ሸንተረር የተጋረደበት ቤት ፀሐይ የሚያገኘው አርፍዶ ነው። ክረምት ላይ ነጭ ጋውን አጥቦ ማድረቅ ምን ያህል ሥቃይ እንደሆነ ሐኪም ቤት የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

አሁን ወደያዝኳት ክፍል ልምጣ። ከአስፋልት ሽቅብ ጥቂት የምትወጣ፣ ኮብልስቶን የገባላት መንገድ ላይ ናት። ሰፈሩን አልጠራም፣ አከራዬ ስሜ ወጣ ብለው እንዳይቀየሙኝ። አንድ ክፍል ናት፤ ግድግዳዋ ብሎኬት ነው፣ ሮቶ አላት፣ ቆጣሪዋ ግን የጋራ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ክልክል ነው። እንጀራ እገዛለሁ፣ ምን ይደረግ።

ቤቱን ማየቱ ሳይሆን መታየቱ ነበር የከበደኝ። እማማ (አከራዬን እንደዚያ ነው የምላቸው) ቡና አቅርበው ጥያቄውን ጀመሩ። አገርሽ የት ነው? የማን ልጅ ነሽ? ባል አለሽ? እንግዳ ታበዣለሽ? ሁሉንም በደህና አለፍኩ። «የሥራ ሰዓትሽስ?» ሲሉኝ «ማታ እወጣለሁ፣ ጠዋት እገባለሁ» አልኩ። ሲኒው እጃቸው ላይ ቆመ። «ልጄ፣ አንቱ ያልኩት ጎረቤት አለ፤ ሌሊት ወጥታ ጠዋት የምትገባ ሴት ግቢዬ አለች ቢባል ምን እላለሁ?» መታወቂያዬን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውንም ማኅተሙንም አዩ። ከዚያ ገና ቁልፉን ሳይሰጡኝ ክንዳቸውን ዘረጉና «እስቲ ግፊቴን ለኪኝ» አሉ። ይኸውና እስከ ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ክሊኒክ ነው። ሴት ሆነሽ ሌሊት የምትሠሪ ከሆነ ይህን ጉዳይ አከራይሽ ከሰው ከመስማታቸው በፊት ራስሽ ንገሪያቸው፤ የሰፈር አፍ ካንቺ ይቀድማል። አንተ ወንድ ስለሆንክ አይጠይቁህም፤ አንተን የሚጠይቁህ «ጫት ትቅማለህ?» ብለው ነው።

ስለ ገንዘቡም ልናገር። ሌላ ቦታ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ አምጪ ተብያለሁ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ የውሉ ጊዜም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። ሥራ ላይ የሚውለው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ ስለዚህ ከመፈረምህ በፊት የከተማውን ቤቶች ጉዳይ የሚመለከተውን ጽሕፈት ቤት ሄደህ ጠይቅ። አዋጅ እያነበብክ አከራይ ላይ ጣት መቀሰር ግን አልመክርህም፤ ቤቱን ሌላ ሰው ይወስደዋል። እኔ «እማማ፣ ሁለት ወር ልስጥዎትና ወረቀት እንጻጻፍ» ነው ያልኩት፤ ወረቀቱን የልጃቸው ልጅ በቆንጆ እጅ ጽሑፉ ጻፈው።

የመጨረሻው ቅሬ ነው። ሌላ አገር ዕድር ይሉታል። ተከራይ ሰው «እኔ አላፊ ነኝ» ብሎ ሳይገባ ይቀራል፤ ወሎ ላይ ይህ አይሆንም። ደሴ ከጥቅምት 2014 ጀምሮ ከአንድ ወር በላይ በህወሓት ኃይሎች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ የኛ መንገድ ሰው በረሃብ ያልተጎዳው የቅሬው ሴቶች ያላቸውን እህል አንድ ላይ አድርገው ስላበሰሉ ነው ይላሉ እማማ። ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድ ድስት። እኔ እንደገባሁ ሳምንት ሳይሞላኝ ለቀብር የሚሆን ድንኳን ሲተከል ወጥቼ ውሃ ቀዳሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌሊት ስወጣ ማንም ወዴት ነሽ ብሎኝ አያውቅም። የመንገዱ ወጣቶች ባጃጅ እስካገኝ አብረውኝ ይቆማሉ። ይህ በኪራዩ ውስጥ አልተጻፈም፤ ቢጻፍ ክፍሏን አልችላትም ነበር።

ስለዚህ ለባልደረባዬ መልሴ ይህ ነው። በልግ ወይም ክረምት ላይ መምጣት ከቻልክ ቤቱን በዝናብ እየው፤ መሬቱም ጣሪያውም ጉዱን የሚያወጣው ያኔ ነው። የምትመደብበትን ፈረቃ ሳታውቅ ቀብድ አትስጥ። ቀን ቀን ብቻ የምትሠራ ከሆነ ዳገቱን እስከ ግማሽ ልትወጣው ትችላለህ፤ ጉልበትህ የመካነ ሰላም ነው። እስክታገኝ ድረስ ፒያሳ አካባቢ አልጋ ይዘህ ሰንብት እንጂ የመጀመሪያውን ቤት አትያዝ። ከወረዳህ ደግሞ መሸኛህን አውጥተህ ና፤ ቀበሌ መታወቂያ የምታወጣው በሱ ነው፣ መታወቂያ ሲኖርህ ደግሞ ውሉም ቅሬውም ይቀልልሃል። እኔ እሑድ ዕረፍት ነኝ፣ ደላላውን አብረን እናገኘዋለን። ጫማህ ግን ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን።